ካሜራ ፊት የተከፈተ ወንበር

የመጀመሪያውን ቪዲዮዬን አርባ አንድ ሰው አየው። ከአርባ አንዱ አሥራ ዘጠኙ አክስቴ ናት። አክስቶቼ ብዙ ሆነው አይደለም፤ እሷው እየደጋገመች ከፍታው ነው። ከሥሩም «እሰይ የኔ ልጅ፣ አለባበስሽ ግን» ብላ ጻፈችልኝ።

እኔ ሶፋ አዳሽ ነኝ። አሮጌ ወንበር እፈታለሁ፣ ሞላውን አስራለሁ፣ ስፖንጁን እለውጣለሁ፣ አዲስ ጨርቅ አለብሳለሁ። ሙያው የአባቴ ነው። አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዶሻ ይዞ ኖሮ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉት። አሁን እሱ ተቀምጦ ያዛል፣ እኔ እሠራለሁ። ሥራ ካለ ማለቴ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ያ ትልቁ የቤት ዕቃ መደብር ከተከፈተ ወዲህ ሰው ማሳደስ ትቶ አዲስ መግዛት ያዘ። አዲሱ በሁለት ዓመት ይረግባል፤ ግን ማን ይሰማኛል?

አንድ ቀን አባባ ሻዩን እየጠጣ፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ እንይ። ሥራ ካልመጣ ቤቱን እንዘጋለን» አለኝ። ስለ ዝናብ የሚያወራ ነው የሚመስለው። እኔ ሌላ ሙያ የለኝም፣ ሌላም አልፈልግም። ያን ቤት ከዘጋሁ ምን እንደምሆን አላውቅም። ስለዚህ ስልኬን ስፖንጅ ላይ አስደግፌ ራሴን መቅረጽ ጀመርኩ።

እሱን ያገኘሁት ሦስተኛውን ቪዲዮ ስቀርጽ ነው።

«ይቅርታ፣ መዶሻሽን ለአሥር ደቂቃ ብታቆሚልኝ?»

ቀና ስል ጸጉሩ የተንጨባረረ ረጅም ሰው በሩ ላይ ቆሟል። የጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍል የተከራየው ቪዲዮ አቀናባሪ መሆኑ ገባኝ።

«የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ እየቀረጽኩ ነው» አለ። «‹ያለ ምንም ሕመም› የሚለው ጋ በደረስን ቁጥር ያንቺ መዶሻ ይመጣል።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ዋጥኩት። «እኔም እየቀረጽኩ ነው።»

ስልኬን አየው፣ መስኮቱን አየው፣ እኔን አየኝ። ፊቱ ልክ የተቃጠለ ምግብ እንደቀመሰ ሰው ተኮሳተረ።

«ብርሃኑ ከኋላሽ ነው። ጥላሽ ነው የሚሠራው፣ አንቺ የለሽም።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም» አለና ስልኬን አንስቶ ወደ ሌላው ግድግዳ ወሰደው። ያለፈቃዴ። እኔ ደግሞ ዕቃዬን የሚነካ ሰው አልወድም። ተነሥቼ ስልኬን ልቀማው ስል ስክሪኑ ላይ ራሴን አየሁ። እውነትም ነበርኩ። እጄ ላይ ያለው የማስቲሽ ጠብታ ሳይቀር ይታያል።

እንዲህ ተስማማን፦ መዶሻ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ። ከሰዓት በኋላ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ። እሱ በምላሹ ማክሰኞና ሐሙስ ወርዶ ይቀርጸኛል፣ ብዙ ተከታይ ባለው በራሱ ገጽ ላይም ይለጥፋል።

አቤት የጨጓራዬ መላጥ! አንድ ሚስማር ስመታ ሰባት ጊዜ ያስመታኛል። «አንዴ ድጋሚ» ይላል። መታሁ። «አንዴ ድጋሚ፣ ፊትሽን አታጨማድጂ።» ሚስማሩን ነቅዬ እንደገና መታሁ። «ድጋሚ።» ስሙን ድጋሚ አልኩት፤ አባባ ሳይቀር «ያ ድጋሚ ዛሬ አይመጣም እንዴ?» ማለት ጀመረ።

«ቆይ፣ መዶሻ የምይዝበትን መንገድ አንተ ልታስተምረኝ ነው?» አልኩት አንድ ሐሙስ።

«አይደለም። በመጀመሪያው ጊዜ ተጠንቅቀሽ ነው የምትመቺው። በስድስተኛው ስትበሽቂ ነው እጅሽ እውነተኛ የሚሆነው።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን አታበሽቀኝም?»

«እየሞከርኩ ነው።»

ከዚያ ጸጉሬ ላይ የቀረ ክር አየና እጁን ዘረጋ። ሊያነሣው ነው። አላነሣውም፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። የስፌት መኪናው ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። በመጨረሻ ክሩን ራሴ አነሣሁት፣ እሱም ካሜራውን ማየት ጀመረ፤ ካሜራው ግን ጠፍቶ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ተመልካቹ ሁለት መቶ፣ ቢበዛ ሦስት መቶ ሰው ነው። አንድ ደንበኛ አልመጣም። በዚያ በትልቁ መደብር አንድ ሻጭ ሶፋ ላይ እየዘለለ ይጨፍራል፣ ዘጠና ሺህ ሰው ያየዋል። ደሜ ፈላ።

«እኔም ልዝለል?» ስለው አባባ መነጽሩን አወለቀ።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አለኝ። በዚያው አለቀ።

አሁን ስለ ቤታችን ደንብ መናገር አለብኝ። ወንበር ሲፈታ ከውስጡ ያልተጠበቀ ነገር ይወጣል። ሳንቲም፣ የጸጉር ማስያዣ፣ ቁልፍ፣ አንዳንዴም የተቀደደ ደብዳቤ። አባባ ወንበር ሲከፍት ለሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ነው። የተገኘው ነገር ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ይታሸጋል፣ ወንበሩ ሲመለስ ለባለቤቱ በእጁ ይሰጣል። አንዲት ቃል አይነገርም። «የወንበር ሆድ ያየውን፣ ሆድ ይፍጀው» ይላል። ደንበኞቻችንም ይህን ያውቃሉ። ለዚህ ብለው ወደ እኛ የሚመጡም ነበሩ።

ድጋሚ ይህን ደንብ አላወቀም፤ ያየው ፊቴን ነው። «ወንበር ስትከፍቺ ፊትሽ ይለወጣል» አለኝ። «መቅረጽ ያለብን እሱን ነው።»

«አይሆንም» አልኩትና ምክንያቱን ነገርኩት። አልተከራከረኝም። «እሺ፣ ይቅር» ብሎ ተወው። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ እሱ ትቶት ነበር።

ወሩ ሊያልቅ አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው ቲቸር ወንበራቸውን አመጡ። ቲቸር የሰፈሩን ግማሽ ያስተማሩ ጡረተኛ ሴት ናቸው። ወንበሩ ባለፈው ዓመት የሞቱት የባለቤታቸው ነው፦ ቡናማ ቆዳ፣ ክንዱ ላይ የሲጋራ ጠባሳ ያለበት። «መልኩን እንዳትቀይሪብኝ፣ ብቻ ሞላው እንዳይወጋ» አሉኝ። እንደ ሰው ክንዱን ዳበሱትና ሄዱ።

ማክሰኞ ከሰዓት አባባ ለጣቶቹ ሕክምና ሄደ። ድጋሚ ካሜራውን ተክሎ ቆሟል። ያን ዕለት ጠዋት አባባ የስፌት መኪናችንን የሚገዛ ሰው ሲያፈላልግ በስልክ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ።

«ስከፍት ቅረጸኝ» አልኩት።

«ደንባችሁስ?»

«ደንቡ ቤቱ ሲዘጋ ምን ይሠራልኛል? ቅረጽ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዛሬ እንኳ ድጋሚ አትበለኝ።»

የወንበሩን ሆድ በቢላ ቀደድኩት። ከሞላው ሥር ትናንሽ ቢጫ ክኒኖች ተንዠቀዠቁ። አሥር አይደሉም፣ ሃያ አይደሉም፤ ጠረጴዛው ላይ ዝናብ ሆኑ፣ እየነጠሩ ወለሉ ላይ ወደቁ። እኔም ካሜራውን ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ «ለካ ወንበሩ ኖሯል ታሞ መድኃኒት የሚወስደው» አልኩ። ድጋሚ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እጄ እንደለመደው ክኒኖቹን ለቅሞ ፖስታ ውስጥ ከተታቸው።

እስከ ሐሙስ ስምንት መቶ ሺህ ሰው አየው። ስልካችን ስልሳ ሦስት ጊዜ ጮኸ። አባባ ቪዲዮውን አላየም፣ የሱ ስልክ ለመደወል ብቻ ነው። ስልኩ ሲጮህ ግን ፈገግ ይላል፤ ስንት ወር ያላየሁት ፈገግታ ነው። ድጋሚን ደግሞ ሁለት ትልልቅ ድርጅቶች እንሥራ አሉት። ደረጃው ላይ ስንተላለፍ እጄን ያዘኝ፣ አልለቀቀኝም፣ እኔም አላስለቀቅሁም። የዚያን ቀን ዓለም የኔ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት ቲቸር መጡ። የእህታቸው ልጅ ‹ይሄን አይተሽ ሳቂ› ብላ ልካላቸው ነው። የሲጋራውን ጠባሳ አውቀውታል።

አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። አባባን እያዩ፣ «ሁለት ዓመት መድኃኒቱን በእጄ ነው ያስዋጥኩት» አሉ። «ውሃውን ይዤ፣ ቆሜ። ሰው ሁሉ ከሳቀበት በኋላ ነው አለመዋጡን ያወቅሁት። እኔው ነኝ ያልጠበቅሁት ማለት ነው።» ወንበራቸውን ሳይጠይቁ ወጡ።

አባባ «ስልክሽን አምጪ» አለኝ። አየ። እስከ መጨረሻው አየ፣ የኔንም ቀልድ ሰማ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለ። ቆይቶም፣ «ከእንግዲህ ወንበር እንዳትከፍቺ» አለኝ።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁና ያለኝን ሁሉ ድጋሚ ላይ አወረድኩበት። አንተ ነህ፣ ያንተ ካሜራ ነው፣ ፊትሽ ይለወጣል ያልከኝ አንተ ነህ። ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ‹ቅረጽ ያልሽኝ አንቺ ነሽ› ቢለኝ ኖሮ ደህና አድርጌ እጣላው ነበር። አላለኝም። «አዎ» ብቻ አለ። ከዚህ የበለጠ የሚያናድድ መልስ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

አጥፋው ግን አላልኩትም። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስልሳ ሦስት ስልክ።

ሰኞ ስነሣ ቪዲዮው የለም።

«ሳትጠይቀኝ?» አልኩት።

«ሳልጠይቅሽ።»

«የኔ ቤት ነው! የኔ እጅ ነው እዚያ ውስጥ ያለው!»

«ገጹ የኔ ነው» አለና ፊቱን ወደ ሥራው መለሰ። እነዚያ ሁለት ድርጅቶችም እንደተዉት የሰማሁት በኋላ ነው፣ ያውም ከሌላ ሰው።

ተዘጋጋን። እየተላለፍን ሰላም አንባባልም። እኔ ለደወሉት ሰዎች መልሼ መደወል ጀመርኩ፤ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። «የኔን ስትከፍቱ ትቀርጹልኛላችሁ አይደል?» አንቀርጽም ስላቸው ይዘጉታል። ከስልሳ ሦስቱ አራት ቀሩ። በአራት ወንበር ቤት አይቆምም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ የምለቅመውም አልነበረኝም።

ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ቲቸር ደወሉ። ድምፃቸው ደረቅ ነው።

«ፖስታዬ የት አለ?»

መሳቢያ ውስጥ ነበር። ይዤው ልወጣ ስል ድጋሚ በሩ ላይ ቆሟል። አባባ ነግሮት ኖሯል።

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ።

«አልጠራሁህም።»

«አውቃለሁ። አብሬም ስቄያለሁ።»

ቲቸር ሳሎናቸው ውስጥ አስገቡን። ወንበሩ የነበረበት ቦታ ምንጣፉ ላይ አራት ጉድጓድ ሆኖ ቀርቷል። ፖስታውን ቀደው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። አልቆጠሩም፤ በጣታቸው እየገፉ ፈለጉ።

«ነጩስ?»

«ነጭ አልነበረም ቲቸር።»

«ተመልከቺ። ተረስቶ እንዳይሆን።»

«ወለሉን ሁሉ ለቅሜያለሁ። ቢጫ ብቻ ነው» አልኳቸው።

ክኒኖቹን አንድ በአንድ ወደ ፖስታው መለሱ።

«ነጩ የልብ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቢጫው የሚያስተኛው ነው። ከራት በኋላ ሰጥቼው አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ይወድቅ ነበር። ‹ብቻሽን አስቀምጬሽ እተኛለሁ› እያለ ይናደዳል። ኋላ ላይ መተኛቱን ተወ። ‹መድኃኒቱን ለመድኩት› አለኝ። ቁጭ ብለን ካርታ እንጫወታለን። እንደሱ ያለ ጊዜ አልነበረንም፣ በወጣትነታችንም።»

ከዚያ ሳቁ። እያለቀሱ ነው የሳቁት።

«ሌባ» አሉ፣ ለሱ ነው።

ልንወጣ ስንል በሩን እንደያዙ፣ «ይቅር ብያችኋለሁ ማለት አይደለም» አሉን። «ወንበሬን ጨርሺና አምጪልኝ።» ይህን እንድጽፍም በኋላ የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው። «አንቺው አሳቅሽበት፣ አንቺው ንገሪያቸው» ብለው።

መንገዱን ጎን ለጎን ሄድን። እኔ አሁንም ተናድጃለሁ። በሱ ይሁን በራሴ አላውቅም።

«ለምን ሳትጠይቀኝ አጠፋኸው?»

«ብጠይቅሽ ተወው፣ አታጥፋው ትዪኝ ነበር።»

«ማን አለህ?»

«ትዪኝ ነበር። ተወው ካልሽኝ በኋላ ደግሞ አንቺን መውደድ ይከብደኝ ነበር። ስለዚህ አልጠየቅሁሽም።»

መንገዱ መሐል ቆምኩ። ሰው ፍቅሩን እንዲህ ይናገራል? ሲሰድበኝ ነው የነገረኝ። የባሰው ደግሞ እውነቱን ነው። ተወው እለው ነበር።

«አሁንስ?» አልኩት።

«አሁንማ ከብዶኛል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሰላም አላልሽኝም።»

ቤት ስንደርስ ቲቸር ምን እንዳሉ አባባ አልጠየቀም። እኔም አልነገርኩትም። ዝም ማለቴን ግን አየ፤ ማየቱን እኔም አየሁ። የቲቸርን ወንበር ጨርሼ አደረስኩ። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው አባባ ራሱ ደረጃው ሥር ቆሞ ተጣራ።

«አንተ ድጋሚ፣ ውረድ። እኔን ቅረጸኝ። በጀርባዬ በኩል።»

ከአራቱ ወንበሮች አንዱን ፊቱ አስቀመጠ። ለካሜራው ጀርባውን ሰጠ። በማይታጠፉት ጣቶቹ ቢላውን ያዘና ከፈተው፤ ምን እንደወጣ እኔም አላየሁ። ፖስታውን አሸገና ሳይዞር፣ «እኛ ወንበር እንከፍታለን። ያገኘነውን ለባለቤቱ እንመልሳለን። ለሌላ ሰው አንናገርም» አለ።

«ጋሼ፣ አንዴ ድጋሚ ቢሉት፣ ትንሽ ጮክ ብለው…»

«ተናገርኩ እኮ» አለ አባባ።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አየው። አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ሁለት ወንበር አስጭነው መጡ። አንዲት ሴት ጥቁር መነጽር አድርጋ ሶፋ አመጣች። በሦስት ቀን ዘጠኝ ሰው መጣ። ቤታችን ሞልቶ መተላለፊያው ላይ መደርደር ጀመርን። በወሩ መጨረሻ ቀን አባባ ቢላውን በእጀታው በኩል አዙሮ ሰጠኝ።

«ክፈቺ» አለ። ስለ መዝጋት ያን ቀንም አላወራም፣ ከዚያም ወዲያ አላወራም።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ድጋሚ የራሱን ወንበር እየገፋ በደረጃው አወረደ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚሠራበት ነው። ካሜራ አልያዘም።

«ጎድጉዷል» አለኝ። «ክፈቺልኝ።»

ድምፁ ልክ አልነበረም። ዓይኑም ልክ አልነበረም። ገባኝ። ማንም ሴት ይገባታል። እንደ ደንቡ ጀርባዬን ሰጠሁትና ከፈትኩ።

የሱፍ ፍሬ ቅርፊት። የእስክሪብቶ ክዳን። ከጆሮ ማዳመጫ የወለቀች ጎማ። ሌላ የለም። ሞላውን ገለጥኩ፣ የለም። መቆረጥ የማይገባውን ስፖንጅ ሁለት ቦታ ቆረጥኩት፣ የለም። ክንዱን ፈታሁት፣ ክንዱ እንኳ አልጎደጎደም ነበር። ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ቅርፊቱን ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ አሽጌ፣ እጁ ላይ ጣልኩት።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ተናደድሽ?»

«አልተናደድኩም።»

«ቀለበት ፈልገሽ ነበር?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

«አስቤው ነበር» አለ። «ግን እዚያ ውስጥ ባስቀምጠው፣ አንቺን አውቅሻለሁ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ አሽገሽ ትመልሺልኝ ነበር። ከዚያ ምን ይዋጠኝ? ስለዚህ በአፌ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ታገቢኛለሽ?»

«አባባን…»

«ጠየቅኳቸው።»

«ምን አለ?»

«‹መጀመሪያ ወንበርህ ይለቅ፣ ከዚያ እንነጋገራለን› አሉኝ።»

የተቆራረጠውን ስፖንጅ አየሁ፣ የተፈታውን ክንድ አየሁ። እንዲህ የተበላሸ ወንበር ሳምንት ይፈጅብኛል። ያንን ግን በሁለት ቀን ጨረስኩት።